ማርያምን አልፎ የሄደ ቆርቆሮ

ይህ ነገር ተጽፎ ለሰው ሊቀርብ የሚገባው ስለ መሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ጦርነት የለበትም፤ ስሙ የገነነ ሰው የለበትም። ስለ አንድ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያንና ስለ አንድ ተናጋሪ አጎቴ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ያስጀመረኝ ባለፈው ቅዳሜ በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላችን የተነሣ ጨዋታ ነው። ከክፍሌ ልጆች አንዱ የሎተሪ ትኬት ገዝቶ መጣና አልጋው ላይ ዘርግቶ፣ "ቢወጣልን ምን እናደርግበታለን?" ሲል ጠየቀ። አንዱ ባገሩ ትምህርት ቤት እንደሚያሠራ ተናገረ። ሌላው ግማሹን ለድሆች እንደሚያካፍል ሲምል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሳቅሁ። ክፉ ሳቅ እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ልጆቹም ተቀየሙኝ። ሰው ያላገኘውን ገንዘብ ሲለግስ ስሰማ የሚይዘኝ ንቀት ከየት እንደ መጣ ያን ዕለት ላስረዳቸው ስላልቻልሁ፣ አሁን በጽሑፍ ልሞክር።

ሰፈራችን ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። ልጅ እያለሁ ገብስ በደቦ ሲታጨድ፣ አጫጆቹ ለምሳ ከጥላ ሥር ሲያርፉ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ነበር። "ሺህ ብር ብታገኝ ምን ታደርግበታለህ?" ይባላል። በናንተም ሰፈር ሳይኖር አይቀርም። በሬ መቶ ብር በማያወጣበት በዚያ ዘመን ሺህ ብር በዓይኑ ያየ ሰው በመካከላችን አልነበረም። የታጨደው ገብስ ሽታና የሰዎቹ ላብ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልጠፋም። ሁሉም በዚያች ሰዓት ቸር ነበር። ያባቱን ተዝካር የማያወጣ፣ የሙት ልጅ የማያሳድግ አልነበረም። በአንዲት ነዶ ገብስ ጎረቤታቸውን ዳኛ ፊት ያቆሙ ሰዎች እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሺህ ብር ይበትኑ ነበር።

ከሁሉም የሚልቀው የእናቴ ወንድም አያ ዘገዬ ነው። እሱ ተራው እስኪደርስ አይቸኩልም፤ ሌላው ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እኔ ማርያምን ቆርቆሮ አለብሳታለሁ" ይላል። አጫጆቹ ማጭዳቸውን አስቀምጠው "አሜን" ይላሉ። በየዓመቱ ይህንኑ ይናገራል፤ በየዓመቱ አሜን ይባላል። አንድ ዓመት እቴ ውድነሽን ጠየቋት። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት፤ ብዙ አትናገርም። "እኔ ካገኘሁ ለማንም አልናገርም" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀባት። ከዚያ ወዲያ ንፉግ የሚል ስም ወጣላት፤ እኛ ልጆች ደግሞ በአጥሯ ሥር ስናልፍ "እቴ አልናገርም!" እያልን እንሮጥ ነበር። እኔም ከሚጮኹት አንዱ ነበርሁ።

በ1955 ዓ.ም. አያ ዘገዬ ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ደብረ ታቦር ሄደና ከአንድ አዟሪ የሎተሪ ትኬት ገዛ። ትኬቱን በዳዊቱ መካከል ከትቶ ረስቶት ሳለ፣ የወጣውን ቁጥር የያዘ አንድ የአርብ ገበያ ነጋዴ ከትኬቱ ጋር አስተያይቶ እንደ ደረሰው ነገረው። አዲስ አበባ ወጥቶ በወሩ ተመለሰ። አምስት ሺህ ብር ደረሰው ተባለ። የሰፈሩ ሰው የገንዘቡን ልክ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ግንቦት 21 የማርያም በዓል ነው። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ አያ ዘገዬ ከአጸዱ መካከል ወጥቶ ቆመ። አዲስ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ያልሁትን አልሁ። የእመቤቴን ሣር አውርዱት፤ ቆርቆሮው መንገድ ላይ ነው" አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ እያለቀሱ መሬት ሳሙ።

አባቴ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱን ንዋይና ሕንጻ የሚጠብቀው፣ ዝናብ ሲያፈስም የሚጠየቀው እሱ ነው። በኛ አገር በቤተ ክርስቲያን አጸድ ለተነገረ ስለት ዋስ አይጠራም፤ ዋስ የሚጠራ ሰው ታቦቷን እንዳላመነ ይቆጠራል። ክረምቱም እየደረሰ ነው፤ ለቆርቆሮው የሚሆነውን ማገር አናጢ የሚመታው ሣሩ ከወረደ ብቻ ነው። ስለዚህ አባቴ በሳምንቱ ሣሩ እንዲወርድ አዘዘ። ዋዜማውን እናቴ፣ "ቆርቆሮው ይምጣና ይውረድ እንጂ" ስትለው ሰማሁ።

"ወንድምሽን አታምኝውም?"

"ወንድሜ ነውና አውቀዋለሁ" አለችው።

ሣሩ ወረደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሮጌ ክዳን ተጠርጎ ይጣላል፤ የቤተ ክርስቲያን ክዳን ግን በረከት ነው። ሰው ሁሉ እየተጋፋ ጭብጥ ጭብጡን ወሰደ፤ አንዱ በጎተራው፣ አንዱ በንብ ቀፎው፣ አንዱ ካረገዘች ላሙ በረት ወሸቀው። እኔ ዳዊት እንዲገባኝ ብዬ ከራስጌዬ አደረግሁ። ጥቀርሻና ዕጣን ይሸት ነበር። በዚያ ዕለት ከሰዓት በኋላ ማርያም የእንጨት አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ስትታይ፣ ከአጸዱ ውስጥ ተመልሶ ሊያለብሳት የሚችል አንድ እስር ሣር አልነበረም። ይህን ያሰበ ሰው ቢኖር እናቴ ብቻ ነበረች።

ሰኔ ገባ፤ ቆርቆሮው ግን አልመጣም። ሰኔ ስምንት ቀን ከብት ስመልስ በቁልቁለቱ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ቆርቆሮ በትከሻቸው ተሸክመው ይመጣሉ፤ ቆርቆሮው በረገጡ ቁጥር እየተጋጨ ይጮኻል። ከብቱን ትቼ ሮጥሁ። "መጣ! መጣ!" እያልሁ ለሰፈሩ ሁሉ ያወጅሁት እኔ ነኝ። አባቴ ካባውን ደርቦ፣ መስቀሉን ይዞ፣ ጥላ አስይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። እልልታው ቀለጠ።

ከበሩ በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ ወደ ማርያም ይወጣል፤ ግራው ወደ አያ ዘገዬ ቤት። ተሸካሚዎቹ ከመንታው ደረሱና ወደ ግራ ታጠፉ። አጎቴ አዲስ በቅሎ ላይ ሆኖ ከኋላ ይከተላል። ካባቴ ትይዩ ሲደርስ ባርኔጣውን አነሣ።

"አባ፣ ይኸ እንኳ ለቤት ነው። የሷ ይከተላል።"

"መቼ?" አለ አባቴ።

"እመቤቴ እንደኛ አትቸኩልም" ብሎ በቅሎዋን ኮለኮላት።

ከኋላ የነበሩት ሴቶች የሆነውን ስላላዩ እልልታው ለጥቂት ጊዜ ቀጠለ። አባቴ መስቀሉን እንደ ያዘ ቆሞ ነበር። ያን እልልታ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለመጻፍ ያሳፍረኛል። የሰፈራችን የመጀመሪያው የቆርቆሮ ቤት በአጭር ቀን ቆመ፤ ማርያምን ለመማገር የመጣው አናጢ ራሱ ነው የሠራው። በአጸዱ መሬት የሳሙት ሽማግሌዎች እዚያ ቤት ሥጋ ሲበሉ ከረሙ። አያ ዘገዬ ባላምባራስ መባል አምሮት ደብረ ታቦር ይመላለስ ጀመር፤ ሹመቱ ሳይመጣ እነሱ በድግሱ ላይ "ባላምባራስ" ማለት ጀመሩ። አንዳቸውም ክዳኑን አልጠየቁም። ሰው ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አንድ ጎድን ሥጋ በቂ ነበር። እኔም ከነሱ አልሻልም። አጎቴ የካኪ ቁምጣ ሰጠኝ፤ ለብሼው ቤት ገባሁ። አባቴ ቁምጣውን ካየ በኋላ "ልክህ ነው?" ብቻ አለኝ። "አዎ" አልሁት። ደስ እንዲለው ፈልጌ ነበር።

ዝናቡ ያን ዓመት ዘግይቶ በሐምሌ አቦ ማግሥት ጣለ። ታቦቷን ወደ ዕቃ ቤቱ አስገቧት። አባቴና ሁለት ዲያቆናት በመቅደሱ ግድግዳ የተሳሉትን ሥዕሎች ለማዳን የመኝታ ቁርበት ሰብስበው አንጠለጠሉ፤ በማግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ነጭነት እስከ ወለሉ ወርዶ አየሁ። ያን ቀን አባቴ እኔን አስከትሎ አጎቴ ቤት ሄደ። ገና ሳንቀመጥ ዝናቡ መጣ። የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በዝናብ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? አጠገብህ ያለው ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ቃሉ አይሰማም። አባቴ ተናገረ። አጎቴ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። አባቴ ጮኾ ተናገረ፤ ድምፁን ከቅዳሴ በቀር ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። አጎቴ አሁንም ጆሮውን አሳየ። ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጥን።

ሲያባራ አባቴ በቀስታ፣ "ዘገዬ፣ የሷን ነገር" አለ።

"ገንዘቡ በሹመቱ ጉዳይ ተይዟል፣ አባ። ለመስከረም በሉኝ።"

"መስከረም ድረስ መቅደሱ ይፈርሳል።"

"ታዲያ ምነው እኔ ላይ ብቻ? አገሩ ሁሉ የለም እንዴ? አሜን ሲል አልነበረም?"

አባቴ ዙሪያውን ተመለከተ። አሜን ሲል የነበረው አገር በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጦ ጠላውን ይጠጣ ነበር። አንዱ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም።

በክረምት የሚታጨድ ደረቅ ሣር የለም። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ደረቅ ሣር ሰው ቤት ላይ ያለው ብቻ ነው። አባቴ ቤት እንደ ደረሰ መሰላሉን አነሣና ከግድግዳችን አስደገፈው። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ጥቂት አየችው።

"ከጓሮው በኩል ይጀምሩ" አለችው። "እሱ አምና የተከደነ ነው።"

እኔና ታናናሽ እኅቶቼ ሣሩን እያሠርን ወደ ማርያም አመላለስን። የካኪ ቁምጣው በጥቀርሻ ጠቆረ፤ ዳግመኛም አልለበስሁትም። የቤታችን ሣር ግን ከመቅደሱ ሩብ እንኳ አላለበሰም። አባቴ ይህን አይቶ ከማገሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ እቴ ውድነሽ በጀርባዋ ትልቅ እስር አዝላ መጣች። ከቤቷ ክዳን ነው። ወርዳ ሌላ፣ ደግማ ሌላ አመጣች።

"ውድነሽ፣ አንችስ የት ልትሆኝ ነው?" አላት አባቴ ከላይ ሆኖ።

"ማድ ቤት አለኝ። ለማንም አይናገሩ" አለችው።

እሷን ያየ ሰው በሦስተኛው ቀን ማምጣት ጀመረ። አንዳንዱ ደህና ሣር አመጣ፤ የሚበዛው ግን ከፍየል ጉረኖ የተነሣ ብስባሽ ነበር፤ እሱንም ሰው በሚያይበት ሰዓት ጠብቆ ነው ያመጣው። ማርያም በስንት ዓይነት ቀለም ተለጣጥፋ ክረምቱን አለፈች። እኛ አምስት ነፍስ ከእንጨቱና ከድስቱ ጋር ማድ ቤት ተኛን። እቴ ውድነሽን ከዚያ ወዲህ በቅጽል ስሟ የጠራት ልጅ የለም። ይቅርታ የጠየቃትም የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

የአያ ዘገዬ ሹመት ሳይመጣ ቀረ። ገንዘቡ ሲመናመን በላተኞቹም ተመናመኑ። በቅሎዋ ተሸጠች፤ በሁለተኛው ዓመት ቆርቆሮው ከቤቱ ላይ አንድ በአንድ እየተነቀለ አርብ ገበያ ወጣ። "ባላምባራስ" ሲሉት የነበሩት "ዘገዬ ቆርቆሮ" ይሉት ጀመር፤ እነሱን የምንቃቸው ከአጎቴም ይልቅ ነው። የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲሸጥ የሦስተኛው ዓመት ኅዳር ነበር፤ ሣር የሚታጨድበት ወር። አጎቴ ባርኔጣ ሳያደርግ ቤታችን መጥቶ ከደጅ ቆመ። አባቴ ማጭዱን ከሰቀለበት አወረደ።

ሁለት ቀን ሣር አጨድን፤ በሦስተኛው ቀን አባቴ የአጎቴን ቤት ጣራ ወጣ። እኔ ከታች ሆኜ ሣር አቀብል ነበር። ተናድጄ እስሮቹን ሆን ብዬ ላላ አድርጌ ነበር የማሥራቸው። አንዱ ከእጁ ላይ ተበተነ። ቁልቁል አየኝና፣ "አጥብቀህ እሰር፤ ሰው ሊተኛበት ነው" አለኝ።

ያን አባቴን መሆን አልቻልሁም። እዚህ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር፣ የማያፈስ ጣራ ሥር ተኝቼ፣ ልጆቹ ስለ ትኬታቸው ሲያወሩ አሁንም ንቀቱ ይመጣብኛል፤ ምናልባት ከመካከላቸው ቃሉን የሚጠብቅ ይኖር ይሆናል፤ አላውቅም። ትናንት ማታ፣ "አንተስ? ሳትነግረን ሳቅህ እኮ" አሉኝ። ቢወጣልኝ ለማንም እንደማልናገር ነገርኋቸው። ንፉግ አሉኝ። ስሙን ወደድሁት። ማርያም ዛሬም ሣር ክዳን ናት፤ በየጊዜው የሚያድሳት ሰው አላጣችም። የቆርቆሮው ነገር ያበቃው ግን አባቴ የአጎቴን ቤት ከድኖ፣ ጉልላቱን አሥሮ፣ እጁን አራግፎ ለጽዮን ዋዜማ በወረደበት ቀን ነው፤ ኅዳር 20 ቀን 1958 ዓ.ም.።