ለልጄ ስልክ ልገዛ ወጥቼ

ባለሱቁ ሁለቱንም ስልኮች ከልጄ እጅ ተቀብሎ ወደ መስታወት መደርደሪያው መለሳቸው።

ዛሬ ጠዋት ነው፣ ፒያሳ። ልጄ በነርስነት ተመርቃ ሥራ ስላገኘች ስልክ ልገዛላት ቃል ገብቼ ነበር።

እሷ አይፎን አለች፤ እኔ ጋላክሲ አልኩ። ካሜራቸውን ስናወዳድር ግማሽ ሰዓት ሄደ። በሁለቱም አነሳችኝ። በአይፎኑ የባሰ አርጅቻለሁ።

ባለሱቁ ጀማል የድሮ ጎረቤታችን ነው። «የት ተመደብሽ?» አላት። የጤና ጣቢያውን ስም ነገረችው። ከዚህ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ስልክ ይዛ በዚያ መንገድ እንዳትሄድ» አለኝ። «አጋቾቹ መጀመሪያ የሚያዩት ስልክ ነው። የሚጠይቁትን ብር በሱ ነው የሚተምኑት።»

ስለ ስልኮቹ ዋስትና ሲያወራ በነበረበት ድምፅ ነው ይህን ያለው።

«ታዲያ ምን ልያዝ?» አለች ልጄ።

ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ አወጣላት። «ይኸው፣ ሸጋ ነው። መብራትም አለው።»

«ካሜራውስ?» አለችው። እሱ ሳቀ፤ እኛ አልሳቅንም።

«ደግሞ አባትሽን ‹አባዬ› ብለሽ እንዳትመዘግቢው» አላት። «ሰው ይዘው ስልኩን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው።»

ልጄ ሲም ካርዷን ወደ ትንሹ ስልክ አዛወረችና ቁጥሬን «ልብስ ሰፊ» ብላ መዘገበችው። ደውላ ሞከረችው፤ ኪሴ ውስጥ ጠራ።

ነገ ጠዋት ትሳፈራለች።

እናንተስ በልጆቻችሁ ስልክ ላይ በምን ስም ነው ያላችሁት?