ደባርቅን ያየሁበት ቅዳሜ

በቀደም የልጅ ልጄ ሜሮን ጎንደር ወዳለው ቤቴ መጣችና «እምዬ፣ ቅዳሜ ደባርቅ ወስጄ አዝናናሻለሁ። ሆቴሉን ይዣለሁ፤ የፈለግሽውን ትበያለሽ፣ የፈለግሽውን ታያለሽ» አለችኝ።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

በደርግ ጊዜ ዳባት፣ አጎቴ ጋሼ መኮንን ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። ወላጆቻችን ገና በልጅነታችን ስለሞቱ ከወንድሜ ከጌታሁን በቀር የኔ የምለው አልነበረኝም፤ እሱንም ለውትድርና ወስደውት ሰሜን ግንባር ነበር። ጋሼ ደግ ናቸው፣ ግን ስኳርም ሳቅም የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ደባርቅን አሳዩኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛቸው «ምን አለሽ እዚያ?» እያሉ መልሰውኛል።

አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ማለዳ ግን በሩ ላይ ቆመው «ተነሺ፣ ደባርቅን ላሳይሽ» አሉኝ። ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ብዬ ምንም ሳልጠይቅ ጫማዬን አጠለቅሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ በአውቶቡሱ መስኮት የሚገባው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ደስታዬ አሙቆኛል።

እንደወረድን ሻይ ቤት ገባን። ትኩስ ፓስቲ አዘዙልኝ፤ ስጨርስ ደገሙልኝ። ባለቤቷ ወደ ጋሼ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አንሾካሾከችና እኔን ሳታየኝ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ገበያውን ዞርን። የቆላውን በርበሬ፣ የደጋውን የበግ ጸጉር ባና፣ የፈረንጆችን ጓዝ ተራራው ላይ ወዳለው ሰፈር ወደ ጨነቅ ለማድረስ የሚጫኑትን በቅሎዎች አየሁ። ቀይ ሻሽ ላይ ዓይኔ ሲያርፍ ጋሼ ዋጋ ሳይከራከሩ ገዙልኝ። መጠርጠር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው፤ ጋሼ ሳይከራከሩ ሲገዙ ማን አይቶ ያውቃል? አንዲት ሴትዮ «ወይኔ የኔ ልጅ» እያለች ወደኔ ስትመጣ እጇን ይዘው መለሷት።

«ማን ናት?»

«ሰው መስለሻት ነው።»

«እዚህ ያለችው አክስቴ ቤት አንገባም እንዴ?»

«ነገ። ዛሬ ከተማውን እይ።»

ከሰዓት በኋላ ለምኜ ፎቶ ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ ፏፏቴ ተስሏል። «ለወንድሜ የምልከው ነውና አሳምረው» አልኩት ፎቶ አንሺውን። ጋሼ ሳል ይዟቸው ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ብርዱ ነው» አሉና ከጎኔ ቆመው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። እኔም ሳቅሁ።

ያደርነው ወዳጃቸው ቤት ነው። ሊነጋጋ ሲል ቀስቅሰው አክስቴ ቤት ወሰዱኝ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። በአገራችን መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገር። ይህን ልማድ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ሰው ሲረዳ አብሬ ቆሜ አልቅሻለሁ። በራሴ ሲመጣ ግን አልገባኝም።

«ማን ታሞ ነው?» አልኩ።

የንስሐ አባታችን ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ጌታሁን አርፏል። እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ።

አክስቴ አስከሬኑ ስለሌለ የተማሪነት ኮቱን ታቅፋ ታለቅሳለች። አንዲት ሴት መጥታ ቀዩን ሻሽ ከራሴ ላይ አነሳችው። ክው ብዬ የቀረሁት ያኔ ነው። እሱ ሞቶ እኔ ፓስቲ አስደግሜ ስበላ፣ ሻሽ ሳማርጥ፣ ስስቅ ውያለሁ። ጋሼ ደገፉኝ።

«ፎቶ ስነሳም ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር፣ ልጄ። ከዛሬ ወዲያ መቼ እንደምትስቂ አላወቅሁም። አንድ ቀን ልስጥሽ ብዬ ነው።»

ያን ቃላቸውን ለመቀበል ብዙ ዘመን ፈጀብኝ። ለረጅም ጊዜ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ፎቶው አሁንም አለኝ። እኔ ካሜራውን እያየሁ እስቃለሁ። ጋሼ የሚያዩት እኔን ነው።

ሜሮን ይህን ሁሉ ሰማች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ፣ አጎቶቿ ጋ እየደወለች የሁሉንም ድምፅ አሰማችኝ። ቅዳሜ ሄድን። ገበያው ተለውጧል፤ ብርዱ ያው ነው። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆመን «እምዬ፣ ፈገግ በይ» ብላ ስልኳን ስትደቅንብኝ «ቆይ፣ ዝቅ አድርጊው» አልኳትና ዓይኗን አየሁ።

አልቀላም። ያኔ ሳቅሁ።