ጋሽ ሀብቶም ያልለዩት አበባ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ኔዘርላንድ፣ ዛንዳም ከተማ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ ለሥዕል ሰዓት የመጣ የጠመኔ ፓኮ ከፈትኩ። ደረቁ፣ አፍንጫ የሚኮረኩረው ሽታ ሲመጣብኝ ሐሳቤ ወዲያው ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር፣ የድሮው ሕንፃችን ደጅ ድረስ ወሰደኝ። ሌላው ሰው ጠመኔ ሲሸተው የተማረበት ክፍል ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ ትዝ የሚሉኝ ጋሽ ሀብቶም ናቸው።

ጋሽ ሀብቶም ከሕንፃችን ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ። አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ፒያሳ አድገው፣ ጉልበታቸውን ሮተርዳም ወደብ ላይ ጨርሰው ነው የመጡት። ብርድም ሆነ ሙቀት የማያወልቁት ቡናማ ኮት ነበራቸው። በአንዱ ኪሱ ጠመኔ፣ በሌላው መጽሐፍ አይጠፋም። አንገታቸው ላይ በጫማ ክር የታሰረ አጉሊ መነጽር ይንጠለጠላል። መጽሐፉ ካሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዙት፣ የእንግሊዝ አገር የዱር አበቦች አንድ በአንድ የተሣሉበት፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ነው።

«አንተ፣ የእንግሊዝ አበባ እዚህ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

እናቴ ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ። «እርስዎ በዪ፣ ባለጌ!»

እሳቸው ግን ሳቁ። «ባሕሩ ጠባብ ነው፣ ልጄ። ዘር በነፋስ ይሻገራል።»

ደጃችን የአትክልት ቦታ አልነበረውም። የነበረው የእግረኛ መንገድ፣ የተደረደረ ብስክሌትና የድንጋይ ስንጥቅ ነው። ለጋሽ ሀብቶም እሱ ይበቃቸው ነበር። በአንድ ጉልበታቸው ይንበረከኩና ስንጥቁ ውስጥ የበቀለችውን ኮሳሳ ነገር በመነጽር ያያሉ፤ የአበባዋን ቅጠሎች ይቆጥራሉ፤ ግንዷን በሁለት ጣት ያሽከረክራሉ። «አራት ማዕዘን ከሆነ የናና ዘመድ ነው ማለት ይቻላል» ይሉኛል። መጽሐፉን ገልጠው እርግጠኛ ሲሆኑ ብቻ ጠመኔያቸውን አውጥተው ስሟን አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ይጽፋሉ። የምናውቃትን ሳማ፣ ሳማ ብለው፤ የማናውቃትን ደግሞ የእንግሊዝኛ ስሟን ወዳማርኛ መልሰው፣ «የእረኛ ኮረጆ»፣ «አትርሺኝ» እያሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቢያስቆጥሩኝ ቢያስቆጥሩኝ አልገባ ያለኝ ልጅ፣ ማንበብ የቻልኩት ከዚያ መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ያጠፋዋል፤ እሳቸው መልሰው ይጽፉታል። ዴን ሃግ ደግሞ ዝናብ አይጠፋም፤ ስለዚህ ብዙ አነበብኩ።

ከዚያ በነሐሴ አንዲት አበባ መጣች። ከሕንፃው ግድግዳ ሥር፣ ወገቤ ድረስ የምትደርስ፣ ስምንት ቢጫ ቅጠል ያላት። ጋሽ ሀብቶም መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አገላበጡት። አንዷን ቢጫ አበባ ትመስላለች ብለው ይጀምሩና «አይ፣ ያችኛዋ ግንዷ ላይ ቅጠሏ ጥንድ ጥንድ አይደለም» ብለው ይተዋሉ። ሲቸግራቸው አጠገቧ ትልቅ የጥያቄ ምልክት ጻፉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን የጥያቄ ምልክት ሲያድሱ ከረሙ።

በመጨረሻ ከሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ። የአገሩን ቋንቋ ደችን ማንበብ ስለሚከብዳቸው እኔው ተረጎምኩላቸው፤ ሰኞ ጠዋት የመንገዱ ድንጋይ ተነሥቶ በአዲስ ይተካል፣ የበቀለው ሁሉ ይነቀላል ይላል። ቀኑ ዓርብ ነበር። ጋሽ ሀብቶም መነቀሉን አልተቃወሙም። ያንገበገባቸው ሌላ ነው።

«ስሙ ሳይታወቅ የተነቀለ፣ እንዳልበቀለ ይቆጠራል» አሉና መነጽራቸውን ከአንገታቸው አወለቁ። ሽማግሌ ሲከፋው ማየት እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ማታ እራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ የሺ፣ ጎጃም ገጠር ያደገች፣ ቢሮ የምታጸዳ፣ ከቤቷ ውጭ ድምጿ የማይሰማ ሴት ነበረች። ትምህርት ቤት ቢጠሩን፣ መሥሪያ ቤት ብንሄድ፣ የምናገረው እኔ ነኝ።

«ያቺ ግድግዳው ሥር ያለችው?» አለች፣ ጎመን እየጨመረችልኝ። «ኑግ ናት እኮ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «ታውቂያታለሽ? ለምን አልነገርሽውም ታዲያ?»

«አልነገርሻቸውም በዪ። እሳቸው የተማሩ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ገልጠው ያጡትን እኔ የገበሬ ልጅ ላስተምራቸው? ነውር ነው።»

ሦስት ሳምንት በዚያች አበባ አጠገብ ወጥታ ገብታለች! ይሉኝታ አፏን ለጉሞት። እኔ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ጋሽ ሀብቶም ግን ስሙን ከእኔ አልቀበልም አሉ። «ስም የሚወሰደው ካወቀው ሰው አፍ ነው» ብለው ኮታቸውን ደረቡና ሦስት ፎቅ እያለከለኩ ወጡ። በራችን ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ። እናቴ ነጠላዋን ፈልጋ አጣችው፤ በፎጣ ተሸፈነች።

«የሺ፣ ልጄ፣ አስተምሪኝ» አሏት።

ወረድን፤ ገና ፀሐይ አልገባም። እናቴ መጀመሪያ አበባዋን ራቅ ብላ ቆማ አየቻት። ከዚያ ቅጠሏን ስትነካ አንደበቷ ተፈታ። ፍሬዋ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ እንደሆነ፣ መስቀል ሲደርስ ማሳው ሁሉ ቢጫ እንደሚለብስ፣ የንብ ጩኸቱ፣ ዘይቱ እንዴት እንደሚጨመቅ፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። ጋሽ ሀብቶም መጽሐፋቸው ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ፣ ያቋርጧታል፣ ይጠይቋታል፣ ይጽፋሉ። የዘሩ መነሻም ወዲያው ተገኘ፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ባልኮን ላይ ለወፎች የምትሰቅለው ከረጢት ጥቁር በጥቁር ኑግ ነው። «እኛ ዘይት የምንጨምቀውን እዚህ ወፍ ይቀለብበታል?» ብላ እናቴ በሳቅ ፈነዳች። ውጭ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ጋሽ ሀብቶም ራሳቸውን ነቀነቁ። «‹ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ› እያልኩ ስተርት አርጅቻለሁ። ኑጉን ግን አላውቀውም ነበር፤ የማውቀው ጠርሙስ ውስጥ ነው።»

ጠመኔውን ለእርሷ ሰጧት። በመሠረተ ትምህርት ዘመን በተማረችው ክብ ክብ ጽሕፈት «ኑግ» ብላ ጻፈች። እሳቸው ደግሞ ከሥሩ፣ አበባ የሚለዩ ሰዎች ደንብ ነው ብለው፣ የለየውን ሰው ስም ጨመሩ፦ «ለይታ ያወቀችው፦ ወይዘሮ የሺ»። ቅዳሜና እሑድ ሰው እየቆመ አየው። ሰኞ ድንጋዩ ተነሣ፤ አበባዋም ሄደች። ጋሽ ሀብቶም ደጃቸው ላይ ቆመው በሰላም ሸኟት።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሀብትም ልጅም አልነበራቸውም፤ መጽሐፉም የት እንደደረሰ አላውቅም። የተዉትን ያየሁት ግን ገና በሕይወት እያሉ፣ አበባዋ ከተነቀለች ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እናቴ ጀርባዋን አሟት የቤተሰብ ሐኪማችን ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞሮ «እናትሽን ምን አመማት?» ሲል፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ በደች መናገር ጀመረች። የት እንዳመማት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ባልዲ ስታነሣ እንዴት እንደሚብስባት። አረፍተ ነገሩ ሁሉ ስሕተት ነበር። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እርሷ አዞረ፤ እኔም አላረምኳትም።