አባባ ያነበቡት ወረቀት

ገጣሚ መድረክ ላይ ወጥቶ ማንበብ ሲጀምር መዳፌን ያልበኛል። ባለፈው ሰኔ ጎንደር ውስጥ፣ ችግኝ ተከላው ካለቀ በኋላ በሰፈራችን አዳራሽ በተዘጋጀው የግጥም ዝግጅት ላይም እንደዚያው ሆንሁ። አንዱ ወጣት ስለ ዋርካ የጻፈውን ከስልኩ እያነበበ ድንገት ቆም ሲል ትንፋሼ ቀጥ አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ “ምነው፣ ልጅሽ ነው እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ።

ልጅ እያለሁ፣ አምስተኛ ክፍል ስማር፣ ያው አዳራሽ እርጥብ ጋቢ እርጥብ ጋቢ ይሸት ነበር። ክረምት ሲገባ የሰፈሩ ገጣሚዎች ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተራራውና ስለ ወፉ የጻፉትን ለሰፈሩ ሰው ያነባሉ። አያቴ አያ ሰይድ ማክሰኝት ገበያ እህል ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰማዩን አይተው ግጥም ይደረድራሉ፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም። ይህን የምናውቀው የቤት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ያን ዓመት እሳቸውም ተጋበዙ። ግጥሙን በቃላቸው ቢያውቁትም ከደብተሬ ገንጥዬ ስምንት መስመር ጻፍሁላቸው። “ሁሉ ወረቀት ይዞ ሲወጣ እኔ ባዶ እጄን ብወጣ መሀይምነቴን አገር ያውቀዋል” አሉኝ። “አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።” አደራ ለልጅ ከባድ ነው፤ ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ።

ቀኑ ደርሶ ወጡና ወረቀቱን ዘረጉ። ከፊት ተቀምጬ ስለነበር ከበስተጀርባው ቀለሙ እስከ ታች ሞልቶ ታየኝ። ስምንት መስመር እንዲህ አይሞላም። የሰጠኋቸው የማባዛት የቤት ሥራዬን ኖሯል! ግጥሙ ቤት ቀርቷል። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ተክለው ጀመሩ፦

ክረምት እንግዳ ነው፣ ደጁን ክፈቱለት፤
ስንቁን ይዞ መጣ፣ እኛ ሳንልክለት።

ሲጨርሱ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ አዘጋጁ መምህር አዱኛ የተነበበውን ሁሉ እየሰበሰበ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበርና። እጁን ዘረጋ፤ አያቴ ሰጡት። ወረቀቱን አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

“አያ ሰይድ፣” አለ ጮክ ብሎ፣ “ዓይኔ ደክሞ ጽሕፈቱ አልታይ አለኝ። እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝና እኔ ልጻፈው፤ ሰውም ደግሞ ይስማው።” ወረቀቱን አጥፎ መለሰላቸው። ደገሙለት፤ እሱም ጽፎ ለጠፈው።

ወደ ቤት ስንመለስ እንባዬ ቀደመኝ። “አባባ፣ ወረቀቱ…” ስል አላስጨረሱኝም።

“አውቃለሁ። ፊደል ባላውቅ ቁጥር አጣሁ? ነጋዴ እኮ ነኝ! ገና ስዘረጋው አይቸዋለሁ። ስምንት ጊዜ ሰባት ግጥም ውስጥ ምን ይሠራል?” ብለው ሳቁ። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙ። “ሳየው ግን ጥዬ ልወርድ ነበር፣ ልጄ። ያንቺ ፊት አመድ መስሎ ሳይ ነው የጠናሁ።”

ደጃችን ስንደርስ “እስቲ ‘ክረምት’ እንዴት እንደሚጻፍ አሳይኝ” አሉኝ። ጓደኞቼ ገመድ ይዘው እየጠበቁኝ ነበር። “ነገ” ብያቸው ሮጥሁ። እሳቸው ደግመው አልጠየቁኝ፤ እኔም ረሳሁት።

ካረፉ በኋላ ያ የቤት ሥራ ከኮታቸው ኪስ ተገኘ። ከማባዛቱ ግርጌ በእርሳስ የተጻፉ፣ የተንጋደዱ ሁለት ፊደላት አሉበት፦ ክ፣ ረ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ግጥማቸው ቆመው ሲቀዱ ሰው መጥቶባቸው አቋርጠውት ይሆናል።

ዛሬ ገጣሚው ከስልኩ ያነባል፤ ወረቀት የሚሰበስብ መምህርም የለም። ያ ወጣት ስለ ዋርካው ጨርሶ ሲወርድ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብሁት እኔ ነበርሁ። ወረቀቱ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። “ም” እና “ት” ብቻ ነበሩ የቀሯቸው።