ቪዛ ሳይመታ የሰጠሁት ምስክርነት

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን እንድናገር ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ለማታውቁኝ፣ ታደለ እባላለሁ፤ የዲክሲስ ልጅ ነኝ፣ እዚሁ አሰላ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እዚህ መድረክ ላይ ለምስክርነት ስቆም ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የምታስታውሱ ፈገግ ስትሉ እያየሁ ነው። የዛሬው የዚያኛው እርማት ነው። የተማሪዎቼን ደብተር ስንት ዓመት በቀይ ሳርም ኖሬ፣ ተራው የራሴ ሆነ። ጌታ ይባረክ።

ያደግኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የልጆች ትምህርቱን፣ የወጣቶች ኅብረቱን፣ መዘምራኑን፣ ሁሉንም አልፌበታለሁ። ጌታን ግን አላውቀውም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማየው እንደ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር፤ እኔ ማመልከቻ አቀርባለሁ፣ እሱ ያስጨርስልኛል። ማመልከቻዬም አንድ ነበር፣ ውጭ አገር ሄጄ እንግሊዝኛ ማስተማር።

እንዲህ እያለሁ ጓደኛዬ ከአንድ ኤጀንት ጋር አገናኘኝ። ሰውዬው አዲስ አበባ ነው ያለው፤ እስያ ውስጥ ላሉ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ይመለምላል። ዲግሪዬን ላክሁለት። ስልኬን የክፍሉ መስኮት ላይ አቁሜ፣ ሳስተምር ራሴን ቀርጬም ላክሁለት። በሳምንቱ ደወለና "መምህር፣ ትምህርት ቤቱ ወዶሃል፣ ተዘጋጅ" አለኝ። አነጋገሩ ደስ ይላል፣ አይቸኩልም። የላከልኝ ወረቀት ላይም ስሜ በትልቁ ተጽፏል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? በዚያው እሁድ ወረቀቱን ይዤ እዚህ ወጣሁ። "ጌታ በር ከፈተልኝ" አልኩ፣ እናንተም እልል አላችሁ። ቪዛው ግን ገና አልተመታም ነበር፤ ውሉንም በደንብ አላነበብኩትም። ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸለዩልኝ። መዘምራኑ አዋጥተው ሰማያዊ ሻንጣ ገዙልኝ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "አልሄድክም እንዴ?" ይለኝ ጀመር።

ከወር በኋላ ኤጀንቱ ደወለ።

"ቪዛህ የጉብኝት ነው" አለኝ። "ኤርፖርት ሲጠይቁህ ለጉብኝት ነው የመጣሁት በል። አስተማሪ ነኝ እንዳትል። ሥራ ከጀመርክ በኋላ እዚያው ይቀየራል።"

"ባይቀየርስ?"

"አይዞህ መምህር፣ ሁሉም የሚሄደው እንዲሁ ነው። እስከ ዓርብ አሳውቀኝ፤ አለዚያ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።"

ወገኖቼ፣ እኔ ማንበብ እችላለሁ እኮ። በጉብኝት ቪዛ መሥራት እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ያስጨነቀኝ ግን ሕጉ አልነበረም፣ እናንተ ነበራችሁ። አንዴ መስክሬአለሁ፣ ሻንጣም ተቀብያለሁ፤ በምን ፊቴ አልሄድኩም ልበላችሁ? ዋሽቼም ቢሆን ብሄድ፣ ቢያንስ ምስክርነቴ እውነት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይሄ ሐሳብ ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እናቴ ልትሸኘኝ ከዲክሲስ መጣች። ገብሱን ፈጭታ፣ በቅቤ አሽታ፣ ለመንገዴ ጩኮ ይዛልኛለች። የምታውቋት ታውቃላችሁ፣ የጸሎቱን ርዕስ ሳትጠይቅ ጉልበቷን አታጥፍም።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሁሉንም በዝርዝር ንገረኝ" አለች። ነገርኳት። የቪዛውንም ነገር ቀለል አድርጌ ጣል አደረግኩት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ "እሺ፣ ዋቃዮ፣ እግዚአብሔር ፊት ምን ብዬ ላቅርብህ?" አለችኝ። "አስተማሪ ልጄን ጠብቅልኝ ልበለው፣ ወይስ ጎብኚ ልጄን?"

"ሃርሜ፣ እናቴ፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ አንቺ ዝም ብለሽ ጸልዪ።"

"እሱማ ያውቃል። እሱ የሚያውቀውን እኔ ሸፍኜ እንዴት እለምነዋለሁ?"

ተንበረከከች፤ አፏን ግን አልከፈተችም። መልሴን ትጠብቃለች። አጠገቧ ተንበረከክሁ። አስተማሪ በዪ እንዳልላት፣ አስተማሪነቴን ልደብቅ ነው የምሄደው። ጎብኚ በዪ ለማለት ደግሞ አፈርኩ። ስንት ዓመት ለእግዚአብሔር ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን የማቀርበው አጣሁ። አለቀስኩ። "ጌታ ሆይ፣ ሰው ፈርቼ ልዋሽ ነው። አንተን ሳላውቅህ ነው ስምህን ስጠራ የኖርኩት። ማረኝ" አልኩ። እናቴ "አሜን" አለች። ጌታን ያገኘሁት ያን ቀን ነው፣ እዚያች የኪራይ ክፍሌ ወለል ላይ። ስሙ ይባረክ።

በማግሥቱ ለኤጀንቱ ደወልኩለት። "በሥራ ቪዛ ከሆነ እሄዳለሁ፣ በጉብኝት ግን አልሄድም" አልኩት። "ይቆጭሃል፣ መምህር" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አላነሳልኝም። ቦታውን የወሰደው ሰው ምን እንደገጠመው አላውቅም፤ ደህና ሆኖ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአደጋ አመለጥኩ ብዬ አልመሰክርም። ጌታ ከውሸቴ አወጣኝ ብዬ ነው የምመሰክረው።

ሻንጣውን ይዤ ወደ መዘምራኑ መሪ፣ ወደ እህት አልማዝ ሄድኩ። "የሰጠነውን አንቀበልም" ብላ ብዙ ተከራከረችኝ። በመጨረሻ የመዘምራኑ ልብስ ማስቀመጫ ይሁን ብለን ተስማማን፤ ዛሬ መዘምራኑ የለበሱት ልብስ የወጣው ከዚያ ሰማያዊ ሻንጣ ነው። ጩኮውን ግን አልመለስኩም፣ በልቼዋለሁ።

ዛሬ ሰላም አለኝ። የውጭ አገር ምኞቴ ሞቷል ብዬ ብነግራችሁ ግን እንደገና እርማት ይዤ ልመጣ ነው። አልሞተም። በቅርቡ ለአንድ ትምህርት ቤት በራሴ አመልክቻለሁ፤ መልስ አልመጣም፣ ላይመጣም ይችላል። ቢመጣም ባይመጣም ጌታዬ ጌታዬ ነው። ከመካከላችሁ የጸሎቱን ርዕስ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን የሚውጥ ካለ፣ ዛሬ ሙሉውን ለጌታ ይንገረው። እሱ አይደነግጥም፣ እኔም አይቼዋለሁ። ለእኔም ጸልዩልኝ። ስትጸልዩልኝ ግን፣ እናቴ እንደምትለው፣ አስተማሪ በሉኝ።