ከግድግዳው ማዶ ያለው ቀትር

እናቴ ስትስቅ የሰማኋት ከግድግዳ ማዶ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቡሪየን በምትባል ከተማ የምንኖርበት አፓርትመንት ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ማለት ያምርሃል። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ መጀመሪያ የቲቪ ጩኸት ሰማሁ፤ ጭብጨባ፣ ሙዚቃ፣ የሚፈነጥዝ ሕዝብ። ቀጥሎ የእናቴ ሳቅ መጣ፤ ልጅ ሳለሁ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ ሲያልቅ ሳል የሚሆነው ያ ሳቅ። እኔ ዘንድ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጠረጠርኩ።

መጠርጠር አያሳፍረኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ደግሞ ያለሁት በነጻ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ጀርባው ሌላ በሆነበት አገር ነው። የአገራችን ሶዶ ሳይሆን እዚሁ ሶዶ በሚሉት ሰፈር የምሠራበት መጋዘን ውስጥ እንኳ የታሸገ ካርቶን ሁለቴ ካላየሁ አልፈርምም። የሥራ ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ከጎናችን የሚኖሩት ፊሊፒናዊት እማማ ናቸው፤ ኤርፖርት ከምትሠራው ልጃቸው ጋር። እናቴ ከእንግሊዝኛ የምታውቀው «ኦኬ» እና «ታንኪው» ነው። እማማ ደግሞ አማርኛ ከየት ያመጡታል? ታዲያ አንድ ቃል የማይግባቡ ሁለት አሮጊቶች ማታ ማታ ተዘግተው ምን ያወራሉ? ወሬው ይቅር፣ ምንድን ነው የሚያስቃቸው? በማግስቱ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ በሩ ላይ ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«እማዬ፣ እዚያ ቤት ምን ትሠራላችሁ?»

«ቲቪ እናያለን።»

«የምን ቲቪ?»

«የቀትሩን ነዋ።»

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ጨልሟል። «የምን ቀትር? መሽቷል እኮ!»

«ለእነሱ ቀትር ነው» አለችና በጎኔ አልፋኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነገር መልቀም ጀመርኩ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር። እህቷ ከደብረ ብርሃን ኮል ስታደርግ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች፤ «ራሴን ይዞኛል፣ አንተው አናግራት» ትላለች። እንግዳ ሲመጣ ሰላም ብላ ወደ መኝታ ቤቷ ትገባለች። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው እንዳለቀ ስብከት ሳትሰማ ወደ መኪናው ትሄዳለች፤ ድሮ ሰባኪ ከአፉ የምትነጥቅ ሴት! ኩሽና ሆኜ «ሻይ ላፍላልሽ?» ስላት መልስ የለም። አኩርፋለች አልኩ። ብቸኝነት እንዳይሰማት ብዬ የአገር ቤት ድራማ የሚያሳይ ዕቃ ገዝቼ ነበር፤ ሁለት ቀን አይታ ተወችው። «ተቀምጠው ይለፈልፋሉ፤ ምኑ ይታያል?» አለችኝ።

ከዘመድ መራቅ፣ ከስብከት መሸሽ፣ የሰው ቤት ማዘውተር። እነዚህን ሦስቱን ለአብሮ አደግ ጓደኛዬ ስነግረው እሱም አልተኛልኝም። «አንተ፣ ሃይማኖት እያስቀየሯት ነው። ሶ፣ ገብተህ ቼክ አድርግ» አለኝ። የጎረቤታችን በር ሲከፈት ግድግዳው ላይ መስቀልና ሻማ አይቻለሁ። የቲቪውን ድምፅ እንደዚያ የሚያስጮሁት እንኳ ወሬያቸው ወደ እኔ ቤት እንዳያልፍ ነው ብዬ ደመደምኩ። ይኼን ስጽፍ አሁን ይገርመኛል፤ ያኔ ግን ከፀሐይ የበራ ሐቅ ነበር።

አንድ ሐሙስ ማታ ብርቱካን በፌስታል ይዤ አንኳኳሁ። ለመጠየቅ የመጣሁ መስዬ ነው። እማማ በሁለት እጃቸው እጄን ይዘው አስገቡኝ፤ ልጃቸው ወንበር ሰጠችኝ። እናቴ ከቲቪው አጠገብ፣ ድምፅ ማውጫው ሥር ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ሌባ እንደያዘ ሰው ሳይሆን እንደ ሌባው ነው የደነገጠችው። ልብ በል አልኩ ለራሴ።

ቲቪው ላይ ሰው በሰው ላይ ነው። አንዲት ወፍራም ሴት ዓይኗን ታስራ እንስራ የሚያህል ነገር በዱላ ትፈልጋለች፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ መድረኩ ላይ የቆሙት አቅራቢዎች በሳቅ ይንከተከታሉ። የእማማን ልጅ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ጀመርኩ። እሷ ግን ስለራሷ ቤተሰብ የተጠየቀች ይመስል በደስታ ተረከችልኝ።

ፕሮግራሙ ከእሷ ዕድሜ ይበልጣል። ሲጀመር ሦስት ቀልደኛ ወጣቶች ከጥቂት ሌሎች ጋር ሆነው ነው። መጀመሪያ ላይ ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም፤ በዚያው ሰዓት ሌላ ጣቢያ ላይ ሕዝብ የሚወደው ዝግጅት ስለነበረ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ቀስ በቀስ ግን አገሩ ለመዳቸው። መንግሥት ሲለወጥ እነሱ አሉ፤ ጣቢያ ሲቀይሩ ተመልካቹ ተከተላቸው። ከእሁድ በቀር በየቀኑ፣ ልክ በማኒላ የምሳ ሰዓት፣ እዚህ ሲመሽ፤ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ እንቆቅልሽ፣ ውድድር። ደግሞ በድሃ ሰፈር ጠባብ መንገድ ይገቡና አንዱን ቤት መርጠው፣ ከነቤተሰቡ አስወጥተው ስጦታ ያንበሸብሹታል። እማማ ይህቺን ልጃቸውን እያጠቡ ያዩት ነበር። አሁን ወጣቶቹም ሸብተዋል፤ እማማም።

«ስጦታውን የሚከፍለው ማነው?» አልኩ።

«ማስታወቂያ የሚያስነግሩት።»

«የሚመረጡት ሰዎችስ የአቅራቢዎቹ ዘመዶች አይደሉም? ያቺ ስጦታ የተሰጣት ሴትዮስ በእርግጥ ነው የምታለቅሰው?»

ልጅቷ ሳቀችና ለእናቷ ተረጎመችላቸው። እማማ ረጅም ነገር ተናገሩ። «እናቴ ማኒላ ሳለን ዛሬ በራችንን ያንኳኳሉ እያለች ጠዋት ጠዋት ደጁን ትጠርግ ነበር» አለችኝ። «አንድም ቀን አልመጡም።»

«አየሽ?» አልኳት።

«ሶ? ደጃችን ንጹሕ ሆኖ ቀረ» አለች።

ከዚያ ምሽት ይዤ የተመለስኩት ዋናው ጥርጣሬ ግን ሌላ ነው። እናቴ ፕሮግራሙን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታውቀዋለች። «ይቺኛዋ ወልዳ ነው የቀረችው፣ አሁን ተመልሳለች። ያ ከዳር የቆመው ልጅ አዲስ ነው፤ ፈርቷል። ሦስቱ አሮጌዎቹ ናቸው፤ ሌላው ሲናገር የእነሱን ዓይን ነው የሚያየው» ትለኛለች። ልጅቷን ስጠይቃት ሁሉም ልክ ነው። አማርኛዬን ሰምታ የማትመልስልኝ ሴት በጥቂት ወር ውስጥ የፊሊፒንን ቋንቋ ለምዳለች ማለት ነው? ደሜ ፈላ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በዚያው ሰሞን ፕሮግራሙ ራሱ ተናጋ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከአዘጋጁ ድርጅት ጋር አልተስማሙም፤ ትተው ወጡ። የድሮው ሰዓት ላይ በድሮው ስም ሌሎች ወጣቶች መጡ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሌላ ጣቢያ ላይ የራሳቸውን ጀመሩ። ስሙ የማን ነው የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ገባ። እማማ ዘመድ የሞተባቸው ያህል አለቀሱ። ለእኔ አዲስ አልሆነብኝም፤ እኛም እዚህ ከተማ ማኅበር ሲከፈል ሁለቱም ወገን ስሙንና ማኅተሙን ይዞ ነው የሚሄደው። ማን እንደበደለ ሳላውቅ ሁለቱንም ጠረጠርኩ። እናቴ ግን በመጀመሪያው ቀን አዲሶቹን ስታይ፣ ማንም ምንም ሳይነግራት፣ «ልጆቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን ቤቱ የእነሱ አይደለም፣ እግራቸው እንግዳ ነው» አለችኝ። ኋላ ፍርዱ ስሙን ለሽማግሌዎቹ ሰጠ። ሁለቱ አሮጊቶች ያን ማታ ያጨበጨቡትን ከግድግዳው ማዶ ሰማሁ።

ትዕግስቴ ያለቀው አንድ ረቡዕ ነው። በራቸው ገርበብ ብሎ ነበርና በቀዳዳው አየሁ። እናቴ ጭን ላይ ሰሃን አለ፤ ሰሃኑ ላይ በዘይት የተጠበሰ፣ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቅልል። የጾም ቀን! እነሱ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ይወዳሉ። ስትመለስ ጠበቅኳት።

«እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ቤት እንዳትሄጂ።»

ፊቴን ትክ ብላ አየችው። «ለምን?»

«አይሆንም ብያለሁ። እዚህ ቲቪ አለልሽ አይደል?»

«እሺ» አለች። አልተከራከረችም። እንደሱ ያለ «እሺ» ከስድብ ይከፋል።

ሳምንት ያህል ሶፋው ላይ ተቀመጠች። የአገር ቤት ድራማ ከፈትኩላት፤ ዓይኗ ቲቪው ላይ ነው፣ ልቧ የለም። እዚያ ማዶ ጭብጨባው ይሰማኛል፤ እሷ ዘወር እንኳ አትልም። ጨክናለች አልኩ። በአንድ በኩል ያሸነፍኩ መሰለኝ፤ በሌላ በኩል ፊቷ እየጠቆረ ሲሄድ አየሁ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የእማማ ልጅ አንኳኳች። በአልሙኒየም የተሸፈነ ሰሃን ይዛለች። «እናትህ ታማለች እንዴ? እናቴ ተጨንቃ ልትሞት ነው» አለችኝ። ሰሃኑን ገለጥኩት፤ ያው ጥቅልል።

«ይኼ ምን ሥጋ ነው?» አልኩ፣ ፊቴን ሳላፈካ።

«ሙዝ ነው እኮ። በስኳር የተጠበሰ ሙዝ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋም እንቁላልም እንደማትበላ ከነገረችን ቆየ፤ በእጇ ነው ያስረዳችን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጆሮዋንስ ሐኪም አየላት?»

«የምን ጆሮ?»

ልጅቷ የምቀልድባት መስሏት ፈገግ አለች፤ እንዳልሆነ ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። «አትሰማም እኮ። እናቴም ጆሮዋ ስለደከመ ነው ቲቪውን የምናስጮኸው። እናትህ ግን ድምፅ ማውጫው ሥር ተቀምጣ እንኳ አትሰማውም። መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅነው። እኛ የምታውቅ መስሎን ነበር።»

በሩን ዘጋሁ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሶፋው ላይ ናት። «እማዬ» አልኩ። ዝም። ቀረብ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እማዬ!» አልኩ። ነጠላዋን ታፍተለትላለች። ከኋላዋ ቆሜ የለቀምኳቸው ነገሮች አንድ በአንድ ተመለሱብኝ፤ የእህቷ ስልክ፣ እንግዳው፣ ስብከቱ፣ ከኩሽና የጠየቅኳት ሻይ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከርሜያለሁ። የፊሊፒንን ቋንቋም አልለመደችም፤ የሰው ፊትና እግር እያየች ነው ያን ሁሉ ታሪክ ያወቀችው።

ዞሬ ከፊቷ ተንበረከክኩ። ደነገጠች፤ «መቼ ገባህ?» አለች።

ጆሮዬን በጣቴ ነካሁ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

አፌን ተከትላ አነበበችው። መጀመሪያ ልትክድ ነበር፤ ከዚያ ተወችው። «እናቴ ጆሮዋ የሄደ ጊዜ» አለች፤ «ቤቱ ሁሉ ተዋት። ክፉ ሆነን አይደለም። መጮህ ይሰለቻል። እንደ ቁና እህል ማዕዘን ላይ ተቀምጣ፣ በላይዋ ላይ እናወራለን። አንተም ካወቅህ ማውራት ትተዋለህ ብዬ ፈራሁ። አሁን ቢያንስ ከኩሽና ታወራኛለህ፤ ባልሰማህም ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አንዳንዴ አያለሁ።»

ሐኪም ቤት እንደምወስዳት፣ ለጆሮ የሚደረግ መሣሪያ እንዳለ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ፈጠንኩባት መሰለኝ፣ እጇን ከንፈሬ ላይ አድርጋ አስቆመችኝ።

«እሺ፣ እንሄዳለን» አለች። «እስከዚያው ግን እዚያ ማዶ ወዳለችው እህቴ ልሂድ።»

«ሂጂ። እኔም አብሬሽ እመጣለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ግን እማዬ፣ ሳትሰሚው ምኑ ነው እንደዚያ የሚያስደስትሽ?»

ለመነሳት ትከሻዬን ተደገፈች። ከተነሳች በኋላም አልለቀቀችኝም።

«እነዚያ ሽማግሌዎች ሲያወሩ ፊታቸው ወደ እኔ ነው» አለች። «የአንተን ፊት የማየው ስትጠረጥረኝ ብቻ ነው።»