የክላይቭ ስድስት ፒስተኖች

ሜርቭ ትሬዚስ በካዲና ከተማ የስንዴ መረከቢያ ሚዛን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድም ገበሬ አምኖ አያውቅም። ውሃ የተረጨበት ስንዴ፣ ከሥሩ አሸዋ የተጫነበት መኪና፣ ያላየው የለም። ጡረታ ሲወጣ ሚዛኑን ትቶ ጥርጣሬውን ይዞ ወጣ። ሚስቱ ቤቭ "የኔ ባል የልደት ኬክ እንኳን ገልብጦ ካላየ አይበላም" እያለች ታሾፍበታለች።

በዚያ በጋ የተጠረጠረችው የአባቱ መኪና ነበረች፤ የ1956 ሆልደን። አባቱ እስኪሞት ድረስ "ይህን ሞተር ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ የማንም እጅ አልነካውም" ይል ነበር። ሜርቭ ሞተሩን ሲፈታው ግን የፒስተኖቹ አናት ላይ "40" የሚል ቁጥር ተመትቶ አገኘ። ሲሊንደሮቹ አንድ ጊዜ ተቆርጠው ሰፍተዋል፣ ተለቅ ያለ ፒስተንም ገብቶባቸዋል ማለት ነው። ማን ነክቶት ነው? ሜርቭ ዓርብ ዕለት ራሱ ሦስት ጊዜ ለካ። የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ከእንግዲህ የሚችለው አንድ መቁረጥ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ ልክ ቁጥር ስልሳ። አዲስ የሚገቡት ፒስተኖች የማይረቡ ሆነው በነሱ ልክ ከተቆረጠ የአባቱ ሞተር የቆሻሻ ብረት ሆኖ ይቀራል።

የቶርኖ ቤቱ ሰው ደግሞ ፒስተኖቹን በእጁ ሳይዝ አይቆርጥም። ሜርቭ መምረጥ አቃተው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው አዲስ ፒስተን ያብለጨልጫል፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ደግሞ አይወድም። የአሮጌ ዕቃ ገበያው ፒስተን ሻጭ ከልክ በላይ ፈገግ አለበት።

ማክሰኞ ክላይቭ ሮው መጣ። የድሮ መካኒክ ነው፤ መንገድ ላይ አንገት ከመነቅነቅ ያለፈ ወዳጅነት የላቸውም። የካርቶን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ለሆልደኗ ነው" አለ። "ዋጋ እንዳትጠይቀኝ።" ብሎ ሄደ።

ዘይት በነካ ወረቀት የተጠቀለሉ ስድስት ፒስተኖች ነበሩ። አናታቸው ላይ "60" ይላል። ሜርቭ ቁጥሩን ደግሞ አነበበው። ልኩን ለቤቭ እንኳን አልነገራትም! የጋራዡን ቁልፍ መረመረ። ፒስተኖቹን በወጥ ቤት ሚዛን አንድ በአንድ መዘናቸው። ልዩነታቸው አንድ ግራም አይሞላም። ይሄ ይበልጥ አናደደው፤ እንከን ቢያገኝባቸው ኖሮ በሰላም ይተኛ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሄደ። ክላይቭ ቲማቲም እያጠጣ ነበር።

"ስልሳ መሆኑን ማን ነገረህ?"

"መጀመሪያ እንደምን አደርክ ይባላል።"

"ጋራዤ ገብተሃል አልገባህም?"

"በዚህ ጉልበቴ? ሦስት ቁልፍ የቆለፍክበትን? አንተ ሰውዬ ፀሐይ መትቶሃል!" ክላይቭ ሳቀና ውሃውን ዘጋ። "አርባ አድርጌ የቆረጥኩት እኔ ነኛ። ከአርባ ቀጥሎ ስልሳ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ነው?"

"ውሸታም! አባቴ ማንም አልነካውም ሲል..."

"እንደዚያ እንድንል ያደረገው እሱ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመትህ ከዋላሩ ስትመለስ መኪናዋን አፍልተሃታል አይደል?"

እውነት ነው፣ ሜርቭ አፍልቷታል። መንገድ ዳር አቀዝቅዞ፣ ውሃ ሞልቶ፣ አጥቦ አቆማትና ለማንም ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ ከአጎቱ ጋር ወደ በግ ሽለታ ሄደ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ መኪናዋ ደህና ነበረች። ተመስገን ብሎ ረሳው።

"አንተ እንደወጣህ አባትህ አመጣት" አለ ክላይቭ። "ፒስተኖቹ ተፋፍቀው ነበር። ለምን አትቆጣውም አልኩት። 'ልጁ ራሱ ይነግረኛል፣ እጠብቀዋለሁ' አለኝ። ወደፊት ያስፈልጋታል ብሎ እነዚህንም ያኔ ከፍሎባቸው እኔ ጋ አስቀመጣቸው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጠበቀ። ሊሞት ሰሞን ሆስፒታል ሄጄ ብጠይቀው 'ሜርቭ ስለ መኪናዋ ያወራህ ነገር አለ?' አለኝ። የለም አልኩት።"

ሜርቭ ያን ሰሞን ከሰዓት ከሰዓት ከዚያ አልጋ አጠገብ አይጠፋም ነበር። ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ስንዴ ያወራሉ። ወሬው ሲያልቅ አባቱ "ሌላስ?" ይለዋል። በየቀኑ ነው፤ "ሌላስ?" ሜርቭም "ምንም" ይላል።

"በነሱ ይቆረጥ" አለ ሜርቭ። ክላይቭ ውሃውን መልሶ ከፈተና ሜርቭ ደህና አድርጎ አልቅሶ እስኪጨርስ ፊቱን ወደ ቲማቲሙ አዞረ።